ልዩ ልዩ

የመጀመሪያው ወጪ የደብተሩ ዋጋ፣
ስድሳ አምስት ብር፤ ጥር ሦስት፣ ገና ሲነጋ።
ውድነሽ ጻፈችው በቀይ እስክሪብቶ፣
ደብተሩ ተወለደ ዕዳውን አንግቶ፤
«ማንም አይማርም፤ ይጻፍ እሱም ራሱ»
ብላ ከደነችው። ገባኝ፣ መጣ ክሱ።

ስሟን ያወጡላት «ውድ ነሽ» ሲሉ፣
የሽንኩርትን ዋጋ አላሰቡም አሉ፤
እሷ ግን ገበያ፣ ቲማቲም አንስታ፣
«ስንት?» ትላለች፤ ትሄዳለች ትታ፤
ዋጋው ሲወርድ ትሰማዋለች በጀርባዋ፣
ሦስተኛው እርምጃ ላይ ይዞራል አንገቷ።

ኮዬ ነን፣ አራተኛ ፎቅ።
በመስኮቱ አምና የጤፍ ማሳ ነበር፤
ዘንድሮ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና አጥር።
እኔ ሳሪስ ጎማ ቤት፣ እሷ በስፌት መኪና፤
ደሞዝ ይመጣል፣ ያልፋል፣ እንደ በጋ ደመና።

ማታ ሳህን ሲነሳ ችሎት ይሰየማል፤
ኪሴ ይገለበጣል፣ ሳንቲሙ ይጠየቃል።
«ታክሲ?»
    «ሠላሳ አምስት።»
«ምሳ?»
    «መቶ ሃያ፤ ሽሮ ነው።»
«ሻይ?»
    «ሁለት።»
        «ሁለተኛው ስለ ምንድነው?»
ለሁለተኛ ሻይ ሰው ምን ምክንያት አለው?
«ልዩ ልዩ በይው» አልኳት፤ ዝም ብላ ጻፈችው።

ይኸው ልዩ ልዩ፣ ስም የሌለው ነገር፣
አይጥ ነበር ለካ፣ ከጆንያችን ሥር።
ወሩ ሲያልቅ ደመርነው፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ
ከምናምን። የት ገባ? ማን ሄደ አንስቶ?
እኔ እሷን አየሁ። እሷ እኔን አየች።

ልጃችን ምንታምር፣ የአምስተኛ ክፍል፣
መደመር ሲያታክታት መቀነስ የምትችል፣
እርሳሷን ነክሳ ገጹን ገለበጠች፣
ዳኛና ተከሳሽ ሳትለይ ፈረደች፦
«የአባዬ ባጃጅ ነው፤ ሲሄድ ሃያ፣ ሲመጣ ሃያ፤
የእማዬ ውሃ ነው፤ ሃያ አምስት አንዱ ጀሪካን፣ በአህያ።»

ውድነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ውሃ ረቡዕ ሌሊት ይመጣል በዘጠኝ፤
እሷም ደክሟት ትተኛለች፣ እኔም እንቅልፍ ጥሎኝ፤
ጠዋት ያንኑ ውሃ ከጋሪ ስንገዛ፣
የእንቅልፋችን ዋጋ ነበር እንዲህ የበዛ።

ባጃጁን ተውኩት፣ በእግሬ ሆነ መንገዴ፤
ምሳ ዕቃ አነገትኩ እንደ ትንሿ ልጄ።
ዘይት በኩባያ ከሱቅ መቅዳት ቀረ፤
አምስት ሊትሩ ከእትዬ ጦቢያ ጋር ለሁለት ተሰፈረ።
ሙዘሚል፣ ባለሱቁ፣ ዱቤያችንን ሰርዞ፣
«ተጣላን እንዴ?» አለኝ፣ የመጨረሻውን ብር ይዞ።
ዕድሩን ብቻ አልነካንም። ሞት ቅናሽ አያውቅም።

በሁለተኛው ወር ጫማዬ አዛጋ፤
የባጃጄ ትርፍ ሄደ ለሶል ዋጋ።
አራት መቶ ብር! አንገቴን ደፋሁ፤
የኮዬን ኮረት በልቤ ረገምሁ።
«ልዩ ልዩ በይው» ልል ስል፣ እሷ ቀድማ
«ጫማ» ብላ ጻፈች፤ «ስም ያለው አይታማ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። ዘጠኝ ሰዓት። ደረጃው ጭር ብሏል።
ቧንቧው ሦስት ጊዜ እንደ ሽማግሌ ስሏል።
ጀሪካን ገልብጠን ተቀምጠንበታል፣
ወሬያችን ከውሃው ቀድሞ ይንጠባጠባል፦
ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ ምንታምር ጥርስ፣
ስለ አንድ የድሮ ሰማያዊ ቀሚስ፣
ለሠርጋችን ማግስት ተበድራ ስለለበሰችው፣
እስከ ዛሬም ድረስ ስላልመለሰችው።

ይህን በየትኛው ረድፍ እንደምትጽፈው
ልጠይቃት ስል ነው ባልዲው የሞላው።
«ሌላውን አቀብለኝ፤ ይኸኛው ሞልቷል፤
መብራቱንም አጥፋው፤ እሱም ይቆጥራል።»